ስለ ቁጥር ዘጠኝ ቆርቆሮ ከቅቤ ነጋዴዋ ከወይዘሮ ፈጠነች ጩማ የተወሰደ ቃል

የወላይታ አውራጃ ፖሊስ፣ ሶዶ
የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ወይዘሮ ፈጠነች ጩማ
ዕድሜ፦ 54 ዓመት (በግምት)
ሥራ፦ ቅቤ ንግድ
ሃይማኖት፦ ፕሮቴስታንት
አድራሻ፦ ሶዶ ከተማ፣ ከገበያው በላይ፣ ወደ ዳሞት ተራራ በሚወስደው መንገድ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ መጋቢት 22 ቀን 1958 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ለማ ገብረማርያም
ጉዳዩ፦ በአዲሱ ክሊኒክ ምረቃ ላይ የጣሪያው ቀለም ታጥቦ በሕዝብ ላይ ስለመውረዱ
ተጠርጣሪ፦ ዳልጮ ኤርካሎ፣ ቆርቆሮ መቺና ቀለም ቀቢ፣ ከመጋቢት 17 ጀምሮ በጣቢያው የሚገኝ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ፣ በገዛ እግሬ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት ተጠርቼ መጥቼ አሞኛል ብዬ አንዲት ቃል ሳልናገር ሄጃለሁ። አላመመኝም ነበር። ዋሽቻለሁ። ሃምሳ አለቃው ይህ ይቅር ወይ ብለው ጠይቀውኝ፣ አይቅር፣ ይጻፍ ብያለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይያዝልኝ። ተጠርጣሪው ዳልጮ ወዳጄ አይደለም። ጎረቤቴ ነው፣ አጥር ለአጥር ነን። በ1954 ዓ.ም. የመኝታ ቤቴን ጣሪያ ቆርቆሮ ሲመታልኝ ምስማሩን እንዳሻው እየቸነከረ ሄደና፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ የአልጋዬን ራስጌ መርጦ ይወርድ ጀመር። ሄጄ ብነግረው፣ «እማማ፣ አልጋውን ወደዚያ ጠጋ ያድርጉት» አለኝ። እንዲህ ይባላል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የለንም። ሚስቱ አስካለች ግን ጨዋ ናት፣ ከእሷ ጋር እንነጋገራለን። ሃምሳ አለቃው ስለ አልጋዬ ሳይሆን ስለ ጉዳዩ እንድናገር አሳስበውኛል። እኔም ወደ ጉዳዩ እየሄድኩ ነው ብያለሁ።

በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም.፣ ቀኑን አላስታውስም፣ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ካለፈ በኋላ ነው፣ አቶ ደገፉ ገብረአማኑኤል የሚባል ወጣት መምህር ከአዲስ አበባ መጣ። በዩኒቨርሲቲ ስለ ቅብና ስለ ሙጫ የሚያስተምርና የሚመራመር ነው። ሃምሳ አለቃው «መጡ» በይ ብለውኛል፣ ነገር ግን ከመጨረሻው ልጄ በዕድሜ ያንሳል፣ ስለዚህ መጣ ነው የምለው። ይህ ሰው በከተማው ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ ጥላ የሌለው ግቢ ይፈልግ ነበር። ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ እሱ ፀሐይ ይፈልጋል። የእኔ ግቢ ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ ወዲህ ራቁቱን የቀረ ነው። አይቶ፣ «እማማ፣ እንዲህ ያለ መጥፎ ግቢ አላየሁም!» ብሎ በደስታ እጄን ጨበጠኝ። ቅር ቢለኝም እንግዳ ነው ብዬ አስገባሁት።

በግቢዬ ውስጥ እንደ አልጋ ርብራብ ያለ የእንጨት መደብ ወደ ፀሐይ አዘንብሎ ሠራ። በላዩም ሃያ አራት ትንንሽ ቆርቆሮ ደረደረ፤ እያንዳንዱ የደብተር ያህል ነው። ሁሉም ቀለም ተቀብቷል፣ በጀርባውም ቁጥር ተጽፎበታል። ሃያ ሦስቱ ከውጭ አገር በጣሳ የመጣ ቀለም ነው። አንዱ ብቻ፣ ቁጥር ዘጠኝ፣ አቶ ደገፉ ራሱ ከቁልቋል ወተትና ከቀይ አፈራችን የቀመመው ነው። ሳቅሁ። ቁልቋል እኮ አጥራችን ነው፣ ፍየል እንኳ አይቀምሰውም። እሱ ግን ያችን ዘጠኝ ከማስቀመጡ በፊት ሁለት ጊዜ በእጅጌው ሲወለውላት አይቻለሁ።

ሲጨርስ የነገረኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «እማማ ፈጠነች፣ እነዚህ ዓመት ሙሉ እዚህ ይቆያሉ። ፀሐይ ይምታቸው፣ ዝናብ ይምታቸው፣ እርስዎ ምንም እንዳያደርጓቸው። አደራ» አለኝ። እኔ የሰማሁት ግን የመጨረሻዋን ቃል ነው። ምንም የማይደረግለት ነገር ምን አደራ አለው? በእኛ አገር ሰው ላሙን ሌላ ሰው ዘንድ ያስጠብቃል። ባለ አደራው ላሚቱን አክስቶ ከመለሰ ነውር ነው፣ ሰው ቤቱ አይገባም። አባቴ የተሰጠውን ጊደር ከነጥጃዋ የመለሰ ሰው ነው። እኔ የእሱ ልጅ ሆኜ የሰው ንብረት ዓይኔ እያየ ይበላሻል እንዴ?

ቢሆንም ታገስኩ። እስከ ኅዳር መጨረሻ አልነካሁም። ዶሮ እንዳይወጣባቸው አባረርኩ እንጂ ሌላ ያደረግሁት የለም።

በኅዳር መጨረሻ አቶ ደገፉ ከትምህርት ቤቱ ወደ ሠላሳ ተማሪዎች አምጥቶ በግቢዬ አስተማራቸው። እኔም ቅቤ እየናጥኩ ሰማሁ። «ቅብ ለብረት ማለት ቆዳ ለሰው ማለት ነው። ቆዳው ደርቆ ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባል፣ ውሃ ከገባ ዝገት ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ብረቱ አለቀለት» አለ። ግሩም ትምህርት ነው፣ ሁሉም ገባኝ። ቀጥሎ ምላጭ አውጥቶ የገዛ ቀለሙን እንደ መስኮት ፍርግርግ ቧጨረው። የቁስል ፕላስተር ለጠፈበትና ጨብጦ ነጨው። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከተነሣ ደካማ ነው፣ ካልተነሣ ብርቱ ነው አለ። ቁስል በሌለበት ፕላስተር፣ ራሱ ባቆሰለው ላይ! እግዚኦ አልኩኝ፣ ይህ ልጅ እናት የለውም ወይ?

ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ሃያ ሦስቱ ደህና ናቸው። ዘጠኝ ግን ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፣ ልክ በበጋ እንደሚሰነጠቅ ተረከዝ። ቆዳ ነው ብሏል፣ ቆዳ ከተሰነጠቀ አለቀ ብሏል። የተሰነጠቀ ቆዳ ምን ይደረግለታል? ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ቤት ገብቼ ቅቤ አመጣሁና ቀባኋት።

ሃምሳ አለቃው የትኛውን ቅቤ ብለው ጠይቀውኛል። ለጋውን አይደለም። በሳሉን ነው። ለጋው ለምግብ ነው፣ ለስንጥቅ በሳሉ ይሻላል። በመጀመሪያ ቀን ከላይ የተጠቀሰው ቅቤ በፀሐይ ቀልጦ ወረደ። በማግስቱ ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስቀባት ጠጣችው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ፣ በጨርቅ እየወለወልኩ እቀባት ነበር። ክረምት ሲገባ በሳምንት ሁለት ጊዜ አደረግሁት። ሌሎቹን አልቀባሁም። ለምን ተብዬ ተጠይቄ፣ የታመመውን እንጂ ጤነኛውን ማን ያክማል ብዬ መልሻለሁ።

አቶ ደገፉ በሦስት በሦስት ወሩ እየመጣ ይመዘግብ ነበር። ቅቤውን አልነገርኩትም። ለመደበቅ አልነበረም። ለሰው ያደረጉትን ደግ ነገር ፊቱ ቆሞ መቁጠር ነውር ስለሆነ ነው።

በጥቅምት ወር 1958 ዓ.ም. ዓመቱ ሲሞላ መጥቶ የመጨረሻውን ምርመራ አደረገ። ውሃ ረጨባቸው። በሃያ ሦስቱ ላይ ውሃው ተንጣሎ ቀረ፣ በዘጠኝ ላይ ግን እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። በምላጭ ቧጨረና ፕላስተሩን ለጥፎ ነጨው። ከሌሎቹ ትንሽም ብዙም ቀለም ተነሣ። ከዘጠኝ ምንም አልተነሣም። አሁን ሳስበው ፕላስተሩ መቼ ተጣበቀና! ቅቤ ላይ ምን ይጣበቃል? እሱ ግን ቆርቆሮዋን ታቅፎ፣ «እማማ! ውሃ እንኳ አልደፈራትም! ሦስት ዓመት የሳቁብኝ ፕሮፌሰሮች ይምጡና ይዩ!» እያለ በግቢዬ ዞረ። ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተታት። ቀና ብሎ አየኝ። ወዲያው ደግሞ ሳቁን ቀጠለ። እኔም ደስ አለኝ፣ አደራዬን ተወጣሁ ብዬ ነው። የምስጋና ቆጮና ቅቤ አቅርቤለት በልቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። አዲሱ ክሊኒክ ሲሠራ ለጣሪያው በአገራችን ቁልቋል የተሠራ ቀለም ይሁን ተባለ። አቶ ደገፉ በትምህርት ቤቱ ግቢ በበርሜል በጠበጠ፣ ሰው ሁሉ ቁልቋል ተሸክሞ አመጣ፣ እኔም አጥሬን አስቆርጫለሁ። በየካቲት ወር ዳልጮ ወጥቶ ቀባው። ጣሪያው ከጉኑኖ መንገድ እንኳ ይታይ ነበር፣ ቀይ፣ የሚያምር።

ቅዳሜ መጋቢት 17 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ምረቃው ተጀመረ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል። የሚስዮን መዘምራን ነጭ፣ ካህናቱ ነጭ፣ ሹማምንቱ ነጭ፣ እኔም ለፋሲካ ያስቀመጥኩትን ነጭ። ወደ 5 ሰዓት ግድም የበልግ ዝናብ ድንገት ሲወርድ ሁላችንም በጣሪያው ክፈፍ ሥር ተጠጋጋን። ንግግር የሚያደርጉት ሹም «ይህ ጣሪያ ለልጅ ልጆቻችን» ሲሉ አንድ ቀይ ጠብታ ወረቀታቸው ላይ አረፈ። ሁለተኛው አፍንጫቸው ላይ። ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። መዘምራኑ ነጭ ለብሰው ቆመው በቀይ ዘምረው ጨረሱ። አንዲት ሴትዮ ደም ነው ብላ ጮኸች። የክሊኒኩ አዲስ ድሬሰር ጥጥና ፋሻ ይዞ እየሮጠ መጥቶ ሹሙን የቱ ጋ እንደቆሰሉ ይጠይቃቸው ነበር። ሹሙም ደነገጡና አላውቅም አሉት።

አሁን የምናገረው የሚያሳፍረኝን ነው። ያን ጊዜ ከሰው ሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። «ዳልጮ ነው! ቀለሙን በውሃ በርዞታል! የእኔንም ጣሪያ እንዲሁ ነው ያደረገው!» አልኩ። አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ከቂሜ ነው የተናገርኩት። ሕዝቡ ከአፌ ነጥቆ ዳልጮ፣ ዳልጮ አለ። ቀለሙን ሸጦ በውሃ ሞላው የሚልም ተጨመረበት። ዳልጮ መሰላሉ ሥር ቆሞ፣ እሱም እንደ ሰው ሁሉ ቀልቶ፣ «እንደተሰጠኝ ቀባሁ፣ በልጆቼ እምላለሁ» ይል ነበር። የሰማው የለም። ፖሊስ ይዞት ሲሄድ አስካለች ዞር ብላ አየችኝ። አልሰደበችኝም። ምነው በሰደበችኝ።

ማክሰኞ መጋቢት 20 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ዳልጮ ላይ እንድመሰክር ተጠርቼ እዚህ ክፍል ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ቁጥር ዘጠኝ ተቀምጣ ነበር። አቶ ደገፉ ለሃምሳ አለቃው፣ ይህ ቀለም ዓመት ሙሉ ዝናብና ፀሐይ ችሎ እንደዚህ ያብረቀርቃል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የቀቢው ነው እያለ ያስረዳ ነበር። ጎንበስ ብዬ ባያት የገዛ ፊቴን አየሁባት። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። ዝናቡን የቻለው ቀለሙ አይደለም። የእኔ በሳል ቅቤ ነው። ክሊኒኩን ደግሞ ማንም ቅቤ አልቀባውም። አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

ያን ዕለትና ማግስቱን እህል አልወረደልኝም። በአጥሩ ወዲያ የዳልጮ ትንሿ ልጅ አባዬ መቼ ይመጣል ትላለች፣ እናቷ ነገ ትላታለች።

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት አቶ ደገፉ ወዳረፈበት የመምህራን ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና «ሸቶኝ ነበር» አለ። መቼ ብዬ ስጠይቀው፣ «በጥቅምት። ቆርቆሮዋን ሳሸታት ቅቤ ቅቤ አለኝ። የቅቤ ነጋዴ ግቢ ነው፣ ምን ሊሸት ኖሯል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እማማ፣ ያች ዘጠኝ የእኔ ነበረች። ሌላው ሁሉ የሰው ነው» አለኝ። አንጀቴን በላው። ቀጥሎ ግን ያልጠበቅሁትን ተናገረ። ስለ ቀለሙ የጻፈው ጽሑፍ በቅርቡ ለፕሮፌሰሮቹ እንደሚቀርብ፣ እኔ ሁለት ሳምንት ብቻ ዝም ብልለት እሱ አዲስ አበባ ደርሶ ነገሩን ቀስ ብሎ እንደሚያስተካክል፣ ዳልጮም በዋስ እንደሚወጣ ነገረኝ። ለምኖኛል። እጄን ይዞ ለምኖኛል።

እኔም ቱግ አልኩ። «አንተ ልጅ! ለቆርቆሮ ዓመት ሙሉ ታስባለህ፣ ሰው ታስሮ ሁለት ሳምንት ይቆይ ትላለህ? ቆዳ ቆዳ ስትል ከርመህ የዳልጮስ ቆዳ ቆዳ አይደለም ወይ?» ብዬው በሩን ድው አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን አለቀስኩ። ለዳልጮ ይሁን ለልጁ አላውቅም። ሁለቱንም እዚህ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፣ አንዱን በምላሴ፣ ሌላውን በቅቤዬ።

ስለዚህ ዳልጮ ቀለሙን ስለመበረዙ የማውቀው ነገር የለም። ምስማር መምታት አይችልም፣ ይህን በመሐላ እላለሁ። ሌባ ግን አይደለም። የሚታሰር ካለ እኔ ልታሰር። ጋቢዬን ለብሼ፣ ምግቤን ቋጥሬ የመጣሁት ለዚሁ ነው። ሃምሳ አለቃው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን አገላብጠው ስለ ቅቤ የተጻፈ እንዳላገኙ ነግረውኛል። በደንብ ይፈለግ ብያለሁ። እንደገና ፈልገው አላገኙም።

ይህን እየተናገርኩ ሳለ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ አቶ ደገፉ ሳይጠራ በሩን ከፍቶ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል። በር ላይ እንደቆመ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ እሳቸውን ይተዉዋቸው። ቅቤ መቀባት ጥፋት አይደለም። አሽትቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የእኔ ቃል ይጻፍ» አለ። እኔም ተራዬን አልለቅም አልኩ። እሱ የእኔ ይቅደም አለ፣ እኔ ቀድሜ መጥቻለሁ አልኩ፣ እሱ ጉዳዩ የምርምር ነው አለ፣ እኔ ቅቤው የእኔ ነው አልኩ። ሃምሳ አለቃው ጠረጴዛውን መትተው፣ በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ለመታሰር በወረፋ የሚጣላ ሰው አላየሁም ብለው እሱን ውጭ አግዳሚው ላይ አስቀምጠውታል። አሁን እዚያው ነው ያለው። ከእኔ ቀጥሎ ይግባ። ቁርስ ስላልበላ ቶሎ ይለቀቅ።

ይህ ቃል በአማርኛ ከተጻፈ በኋላ በወላይትኛ ተተርጉሞ ተነቦልኛል። የጨመርኩት የለም፣ የደበቅሁትም ከእንግዲህ የለም፤ እውነት ስለመሆኑ በአውራ ጣቴ አረጋግጣለሁ። የማልታሰር ከሆነ የቋጠርኩት ምግብ ለዳልጮ ይሰጠው። ከእኔ እንደሆነ ግን እንዳይነገረው። ከጠየቀ ከመንግሥት ነው ይባል።

የምስክሯ የአውራ ጣት አሻራ፦ (ተነክቷል)
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ለማ ገብረማርያም (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ከምስክሯ ቀጥሎ የአቶ ደገፉ ገብረአማኑኤል ቃል ተወስዶ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። ተጠርጣሪ ዳልጮ ኤርካሎ በዚሁ ዕለት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል በነፃ ተለቋል። ከመለቀቁ በፊት ምግቡ ተሰጥቶት ከማን እንደሆነ ሲጠይቅ ከመንግሥት ነው ተብሎ ተነግሮታል። ተጠርጣሪው አንድ ጊዜ ጎርሶ ይህ ቅቤ የመንግሥት አይደለም ብሏል፤ ጨርሶ በልቶም፣ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት የጎረቤቱን የምስክሯን ጣሪያ ምስማር ነቅሎ እንደገና ለመምታት መሰላል ከጣቢያው ለመዋስ ጠይቆ ተፈቅዶለታል።